የመኪናው ጥርስና የሠራተኛው እጅ

ሰው በክንዱ ሊፈጽመው የማይችለውን ሥራ መኪና ይሠራለታል፤ ነገር ግን መኪና ብረትን ከሥጋ ለይቶ አያውቅም። ብረት እያዞረ የሚጠርበው ቶርኖ የሠራተኛውን እጅጌ ከያዘ ክንዱን ጠምዝዞ ይወስዳል፤ ቆርቆሮ የሚቈርጠውም መኪና ጣት ከስለቱ ሥር ቢያገኝ እንደ ቆርቆሮው ይቈርጠዋል። እንግዲህ የዚህ ጉዳት ዕዳ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በታሪክ እንዴት እንደ ተለወጠ ባጭሩ እንመለከታለን።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1844 የወጣው ሕግ የፋብሪካ መዘውሮች እንዲከለሉ አዘዘ። ሆኖም ሕጉ የተወሰነው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ስለ ነበረ፥ ብረት ማቅለጫዎች በፋብሪካ ሕግ ሥር የገቡት በ1867 ነው። ዳኞችም ብዙ ጊዜ፥ ሠራተኛው አደጋውን ዐውቆ ገብቶበታል፥ ወይም ጥፋቱ የሥራ ባልደረባው ነው እያሉ አሠሪውን ነፃ ያወጡት ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ወደ አሜሪካም ተሻግሮ ነበር። ክሪስታል ኢስትማን የተባለች ሕግ ዐዋቂ የፒትስበርግ ከተማ በሚገኝበት አውራጃ ከ1906 ሐምሌ እስከ 1907 ሰኔ የደረሰውን አደጋ መርምራ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ 526 ሰዎች በሥራ ላይ እንደ ሞቱ በ1910 ባሳተመችው መጽሐፍ ገለጸች። ከእነዚህም 195ቱ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ባለትዳር ከነበሩት ሟቾች ቤተሰብ ከግማሽ የሚበልጠው ከአሠሪው ያገኘው ከ100 ዶላር ያልበለጠ ነው፤ ምንም ያላገኘም ነበረ። ስለዚህ የመኪናው ዋጋ በባለሀብቱ መዝገብ ሲጻፍ፥ የእጁ ዋጋ በመበለቲቱ ቤት ይቈጠር ነበር ማለት ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው ዕዳውን በማዛወር ነው። ጀርመን በ1884፥ እንግሊዝ በ1897 ባወጡት ሕግ፥ ጥፋቱ የአሠሪው መሆኑ ሳይመረመር ለተጐዳው ሠራተኛ ካሣ እንዲከፈል ተደረገ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት በ1911 ይህንኑ ተከተለች፤ የመጨረሻዋ ሚሲሲፒም በ1948 ገባች። ካሣው ከመከለያው ዋጋ በልጦ ሲገኝ ባለፋብሪካው ጥርሱን ሸፈነ፤ መኪናውም ሁለት እጅ ካልጫነው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ መሣሪያ ተሠራለት። አስቀድሞ ግን፥ ሠራተኛ ይጠንቀቅ የሚል ምክር ብቻ ይሰጥ ነበር።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኀላፊ እንዲሆን ደንግጓል። ይሁን እንጂ ካሣ የተቈረጠ ጣት አይመልስም። ስለዚህ የሥራ ተቈጣጣሪው ወደ ፋብሪካ ሲገባ ከመዝገቡ በፊት መከለያውን ይመልከት፤ የሙያ መምህሩም ተማሪውን መኪና ማስነሣትን ከማስተማሩ አስቀድሞ ማቆምን ያስተምረው እንላለን።