ሕግ የመረጠው ተሳቢ

አሜሪካ ውስጥ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን፣ ሲዲኤሉን አውጥቶ፣ ጥቂት ዓመት ለሰው ነድቶ፣ በመጨረሻ የራሱን ከባድ መኪና የገዛ ሀበሻ፣ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ «ምን ልትጎትት ነው?» አንዱ ዝግ ሳጥን የሆነውን ድራይ ቫን ይለዋል፤ በሩን ዘግቶ መንዳት ነው፣ ጣጣ የለውም። ሌላው ማቀዝቀዣ ያለው ሪፈር ካልሆነ ገንዘብ የለም ይላል። ሦስተኛው ሸራ ማልበስና ሰንሰለት መወጠር ለማይሰለቸው ሰው ግድግዳና ጣሪያ የሌለው ፍላትቤድ ይሻላል ብሎ ይሟገታል። ክርክሩ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ብሮከርና ስለ ማይል ዋጋ ይመስላል። ሥሩ ግን ጥልቅ ነው። ባለመኪናው ለ45 ዓመት ያህል ተሳቢውን ሲመርጥ፣ አስቀድሞ የመረጠለት ዋሽንግተን ላይ የወጣ አንድ ሕግ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጀልባ ነው። በ1914 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲትሮይት ውስጥ ፍሬድሪክ ሲብሊ የተባለ የእንጨት ነጋዴ ጀልባውን ሰሜን ሚቺጋን ወዳለው የመዝናኛ ስፍራው ሊወስድ ፈለገ። ያለችው ፎርድ ሞዴል ቲ ናት፤ ጀልባ የምትሸከም አይደለችም። ወደ ኦገስት ፍሩሃፍ ሄደ። ፍሩሃፍ ለፈረስ ጫማ የሚመታ፣ ጋሪ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነው፤ ፈረስ በጀርባው ከሚሸከመው ይልቅ የሚጎትተው እንደሚበልጥ ማንም አያስተምረውም። ከኋላ ጎማ ያለው፣ ፊቱ ግን ፎርዷ ላይ የሚያርፍ ነገር ሠራለት። አገር ቤት «ተሳቢ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጭነት ከያዘ መኪና ኋላ የሚታሰረው ባለ ሙሉ ጎማው ነው። ይሄኛው ግማሽ ክብደቱን ጎታቹ ላይ የጣለ ከፊል ተሳቢ ነበር። ሲብሊ ጀልባውን አድርሶ ሲመለስ ለእንጨቱም ሌላ አዘዘ። ፍሩሃፍ በ1918 ኩባንያ አቋቋመ።

ያኔ መንገዱ የሁሉም ነበር፤ መኪና ያለው ያገኘውን ይጭናል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ግን ሥራ ያጣ ሁሉ በዱቤ መኪና እየገዛ ዋጋ ሲሰብር፣ የባቡር ኩባንያዎችና ትልልቆቹ አጓጓዦች ጮኹ። በነሐሴ 1935 የሞተር አጓጓዦች ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ጭኖ ገንዘብ ለመቀበል የኢንተርስቴት ንግድ ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልግ ጀመር። ፈቃዱ በየትኛው መንገድ፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚጫን ለይቶ ይናገራል። አዲስ ሰው ሲያመለክት ነባሮቹ ቀርበው «እኛ እንበቃለን» ብለው መቃወም ይችላሉ። እንዲህ ዓይነቱን ክርክር ባለ አንድ መኪና ሰው እንዴት ይረታል?

በሕጉ ውስጥ ግን አንድ በር ክፍት ቀረ። የገበሬ ወዳጆች የሆኑ የምክር ቤት አባላት ያልተፈበረከ የእርሻ ምርት ከዚህ ሁሉ ነጻ እንዲሆን አስገቡ። ብርቱካን፣ ሰላጣ፣ ድንች ለመጫን ፈቃድ አያስፈልግም፤ ዋጋውም ድርድር ነው። የፋብሪካ ዕቃ የሚሞላው ድራይ ቫን የባለፈቃዶች ርስት ሆነ። ለነጻው ሰው የተረፈው የሚበሰብሰው ነገር ነው።

የሚበሰብስ ነገር ደግሞ በረዶ ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ ተሳቢው ውስጥ የሚጫነው የበረዶ ግግርና ጨው ነበር፤ በመንገድ ላይ ይቀልጣል፣ ይሟጠጣል፣ ጭነቱም ይሸታል። መፍትሔው የመጣው ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሚኒያፖሊስ ነው። ጆሴፍ ኑሜሮ የሲኒማ ድምፅ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ በ1938 የጭነት ኩባንያ ያለው ወዳጁ ዶሮው በሙቀት ተበላሽቶበት ሲያማርር፣ ለመኪና የሚሆን ማቀዝቀዣ እንደሚሠራለት ቃል ገባ ይባላል። ሥራውን የሠራው ግን ኑሜሮ አልነበረም፤ ሠራተኛው ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ ነው። ጆንስ በሕፃንነቱ ወላጅ ያጣ፣ በትምህርት ብዙ ያልገፋ፣ ሞተርንም ኤሌክትሪክንም በራሱ ያጠና ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የመጀመሪያውን ማሽን ከተሳቢው ሆድ ሥር ቢያስረው አቧራውና ንዝረቱ አላስቀምጥ አለው። ቀለል ያለ ሠርቶ ከፊት፣ ግንባሩ ላይ ሰቀለው። የዛሬው ሪፈር ግንባሩ ላይ የሚያጓራው ሞተር ከዚያ የመጣ ነው፤ ኩባንያቸውም በኋላ ቴርሞ ኪንግ ተባለ። ጆንስ በ1961 አረፈ። የአገሪቱ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ የተሰጠው በ1991 ነው፤ ለጥቁር አሜሪካዊ ሲሰጥ የመጀመሪያው መሆኑ ነው፤ 30 ዓመት ዘግይቶ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማሽኑና ሕጉ ተገናኙ። ከፍሎሪዳና ከካሊፎርኒያ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ከተሞች ፍራፍሬና አትክልት የሚያመላልስ፣ አለቃ የሌለው ሾፌር ተፈጠረ። ችግሩ መልሱ ላይ ነበር። ኒው ዮርክ ላይ ብርቱካኑን ያራገፈ ሰው የፋብሪካ ዕቃ ጭኖ መመለስ አይችልም፤ ወይ ባዶውን ይመለሳል፣ ወይ መኪናውን ለባለፈቃድ ኩባንያ ለአንድ ጉዞ ያከራይና ኩባንያው ድርሻውን ይቆርጥበታል።

«ያልተፈበረከ» ማለት ምን ማለት እንደሆነም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አንከራተተ። በ1956 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላባዋ ተነቅሎ፣ ሆድ ዕቃዋ ወጥቶ የቀዘቀዘች ዶሮ አሁንም የእርሻ ምርት እንጂ የፋብሪካ ዕቃ አይደለችም ብሎ ፈረደ፤ ሪፈር ያላቸውም ደስ አላቸው። ዳኞቹ 12 ብልት ወጥታ፣ በሎሚ ታጥባ የቀረበችላቸው ቢሆን ፍርዳቸው ይጸና እንደሆነ እንጃ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምክር ቤቱ በሩን ጠበብ አደረገው፤ የቀዘቀዘ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሙዝ፣ ሻይና የቡና ፍሬ ወደ ፈቃዱ ሥር ተመለሱ።

ፍላትቤድ የያዘው ሰው ሌላ መከራ ነበረው። ብረት የሚጭኑት ባለመኪናዎች መኪናው የራሳቸው ቢሆንም የሚሠሩት በባለፈቃድ ኩባንያ ስም ነው፤ ከጭነቱ ዋጋ ድርሻ ይቆረጥላቸዋል። ፋብሪካ በር ላይ ለሰዓታት ይገተራሉ፤ ለጥበቃው የሚከፍላቸው የለም። በ1967 ብረት በሚመረትባቸው በፒትስበርግና በጌሪ አካባቢ አድማ መቱ፤ አባል የሆኑበት የሾፌሮች ማኅበር ቲምስተርስ እንኳ አልደገፋቸውም፤ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ያልተከፈለ ጥበቃ ዛሬም መጋዘን በር ላይ የሚነሳ ብሶት ነው።

በ1973 የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ዋጋው ናረ፣ የፍጥነት ገደብም መጣ፤ ባለመኪናዎች አውራ ጎዳና ዘጉ። በዚያው ዓመት ሚዙሪ ውስጥ የተመሠረተው የባለመኪናዎች ማኅበር የመጀመሪያ ቢሮው ሾፌሮች በሚያርፉበት ግቢ ከመብራት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት የታሰረ ተሳቢ ነበር።

ፕሬዚዳንት ካርተር ጁላይ 1 ቀን 1980 የፈረሙት ሕግ የፈቃዱን ግንብ አፈረሰው። ኮሚሽኑ ራሱ በ1995 መጨረሻ ተዘጋ። በ1982 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በኢንተርስቴት መንገዶች ላይ 48 ጫማ ተሳቢና 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 360 ኩንታል ያህል ጠቅላላ ክብደት በየክፍለ ግዛቱ እንዲፈቀድ አስገደደ፤ 53 ጫማው የተለመደው በኋላ ነው። ድራይ ቫን ለሁሉም ተከፈተ። ለሁሉም የተከፈተ በር ደግሞ መጋፊያ ነው፤ ዋጋ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚቆስለው ባለ ድራይ ቫኑ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሪፈር ያለው የሚበላ ስለሚጭን በክፉ ቀን ይሻለዋል፤ ነገር ግን የግንባሩ ሞተር ናፍጣ ይጠጣል፣ ይበላሻል፣ ክብደቱም ከጭነቱ ላይ ይቀነሳል። ሪፈር ደረቅ ጭነትም መጫን ይችላል፤ ድራይ ቫን ግን ሰላጣ አይጭንም።

ፍሩሃፍ ያቋቋመው ኩባንያ በ1996 ከሰረ፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላው ተሳቢ ሠሪ ዋባሽ ገዛው። ቡና ላይ ለሚከራከረው ባለ አዲስ መኪና ግን የ1950ዎቹ ብርቱካን ጫኝ ጥያቄ አልተለወጠም። ተሳቢ ለመግዛት ወይም ለመከራየት ከመፈረምህ በፊት፣ በምትሄድበት መንገድ ላይ የቆየ ሾፌር ፈልግና ሲመለስ ምን እንደሚጭን ጠይቀው።