የኤሌክትሪክ ምጣድና የግድግዳው ሶኬት

በከተማ ነዋሪው ቤት ውስጥ የእንጀራ ምጣድን ያህል ኤሌክትሪክ የሚጠይቅ ዕቃ እምብዛም የለም። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ኮምፒዩተሩና አምፖሎቹ ቢደመሩ እንኳ የምጣዱን ሩብ አይደርሱም። እንዲህም ሆኖ በብዙ ቤት ምጣዱ የሚሰካው የስልክ ቻርጀር በሚሰካበት ሶኬት ነው፤ የስፒናው ገመድ ካልደረሰ ደግሞ በማከፋፈያ ላይ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ቮልት ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቁጥር ዕቃው የሚስበው አምፔር ይሆናል። 3,500 ዋት የተጻፈበት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። በየግድግዳችን ያለው ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ሶኬት፣ ደህና ከሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ የመጨረሻ አቅሙ ይኸው 16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን ሶኬቱን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶታል ማለት ነው። በዚሁ መስመር ላይ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ሲጨመር ሌላ 9 አምፔር ይመጣል።

«ብሬከር አለ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ እንጂ ሶኬቱን አይደለም። ደግሞም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከልክ ባለፈ ቅጽበት አይዘጋም። 16 አምፔር ተብሎ የተሠራ ብሬከር 18 አምፔር ለአንድ ሰዓት ቢያልፍበት ሳይዘጋ እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ 23 አምፔር ሲደርስም እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ምጣዱ የሚሠራው ደግሞ ለደቂቃዎች ሳይሆን ሊጡ እስኪያልቅ ነው።

ከሁሉ የከፋው፣ ብሬከሩ ጨርሶ የማያየው አደጋ የላላ መገጣጠሚያ ነው። የሶኬቱ ውስጠኛ ብረት ሲላላ ወይም የሽቦው ብሎን በደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር፣ በዚያች ነጥብ ላይ አንድ አሥረኛ ኦም የምታህል ተቃውሞ ብትፈጠር 16 አምፔር ሲያልፍባት 25 ዋት ሙቀት ታመነጫለች። ይህ ራዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ ለማቅለጥ ከሚይዘው መሣሪያ ጋር የሚስተካከል ሙቀት ነው፤ ያውም በአንዲት ጠባብ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ። የሚያልፈው አምፔር አልጨመረምና ብሬከሩ ምንም አያውቅም። ሶኬቱ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያዳግትም። ብሬከሩ «እያስቸገረ» ነው ብሎ በ32 አምፔር የሚለውጥ ወይም በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ የሽቦ ቁራጭ የሚያስር ሠራተኛ ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ውለታ የዋለ ይመስለዋል።

ስለ ማከፋፈያ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ለምጣድ አይሆንም። የገመዱ ውስጥ ሽቦ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ መሸከም የሚችለው 6 አምፔር ገደማ፣ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ 10 አምፔር ገደማ ነው። በላዩ ላይ የታተመው ቁጥር ሽቦውን አያወፍረውም። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ይብስበታል።

መብራት ሲደክም ምጣዱ «ብዙ ይስባል» የሚለው ወሬ ግን ስህተት ነው። ምጣድ የሚስበው በቮልቴጁ ልክ ስለሆነ፣ ቮልቴጁ ወደ 190 ሲወርድ የ3,500 ዋቱ ምጣድ ወደ 2,600 ዋት ይወርዳል፤ የሚያመጣው ጣጣ መጋገሩን ማርዘም ነው። እውነተኛው አደጋ መብራት ጨርሶ ሲጠፋ ነው። ምጣዱ እንደ በራ ተትቶ ቤተሰቡ ይወጣል፤ መብራቱ ማንም በሌለበት ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ስፒናውን መንቀል የቤቱ ሁሉ ልማድ ሊሆን ይገባል፣ የቤት ሠራተኛዋም ሆነች ልጆቹ ሊያውቁት የሚገባ።

መፍትሔው ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር መዘርጋት ነው፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ በመጨረሻም ለዚህ አምፔር የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ። መጨረሻው ያው ተራ ሶኬት ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦም ከምጣዱ ብረት ጋር መታሰር አለበት። በእርጥብ እጅ የሚነካ ዕቃ ነውና፣ የሰውን ሕይወት ለማጥፋት ደግሞ 16 አምፔር አያስፈልግም፤ የአንድ አምፔር ጥቂት መቶኛ ይበቃል። ለዚህ የሚሆነው በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው ልዩ ብሬከር ነው። መስመሩ እስኪዘረጋ ድረስ ምጣዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካት፣ በዚያ ሰዓት ስቶቭና ማፍያ አለማብራት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም አጥፍቶ ስፒናውን መዳሰስ ነው። ለብ ካለ ደህና፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ያ ሶኬት አብቅቶለታል።

ወጪው የማን ነው? እዚህ ላይ ነው ተከራይና አከራይ የሚጋጩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርጋል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ የሕንፃው አካል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም እንደዚያው አምናለሁ። ማከፋፈያውን ገዝቶ የሰካው ግን ተከራዩ ነውና፣ ክርክሩ የሚወድቀው እሳቱ ከየትኛው ተነሣ በሚለው ላይ ነው። ያን ጊዜ ማስረጃው አብሮ ተቃጥሏል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስላዘዘ ዕድሉ አለ፦ «አከራይ ለኤሌክትሪክ ምጣድ የተለየ መስመር አዘጋጅቶ ያስረክባል፤ ተከራይ ምጣዱን ከዚህ መስመር ውጭ አይሰካም» የሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከፊርማው በፊት መግባት ይችላሉ።