ጦቢያን በአገው ምድር ማንበብ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ነው፤ ዘጌ ከአገው ምድሯ ከዳንግላ ብዙም የማትርቅ የጣና ዳር አገር ናት። በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ሁላችን «ጦቢያ» የምንለው፣ የአማርኛ ልብ ወለድ በኩር ነው። እንጅባራ ላይ አማርኛ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከእጄ አልተለየም። አማርኛው ዛሬም ያስቀናኛል። ታሪኩ ግን ደሜን ያፈላዋል።

ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። በዚያ ልብስ እስካለች ድረስ መንገዱ ክፍት ነው፤ የአንድ ንጉሥ ዘመድ የሆነች ሴት እንኳ ወንድ መስላት ትወድቅላታለች። ሴትነቷ ሲታወቅ ግን የቀራት ሥራ ቆንጆ መሆን ብቻ ነው። ያው አረመኔ የተባለው ንጉሥ ይወዳታል፣ ክርስትና ይነሣል፣ ያገባታል፤ ሕዝቡም ተከትሎት ይጠመቃል።

አንድ ቀን ይህንኑ ለአማቴ አነበብኩላቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ጌሾ ሲለቅሙ ነበርና እጃቸውን ገታ አድርገው፣ «ምነው፣ መልከ ጥፉ ብትሆን ኖሮ አገሩ ሳይጠመቅ ሊቀር ነበር?» አሉኝ። ስለ ጦቢያ ከተጻፈው ሁሉ ይህን የሚያህል ሂስ አላየሁም።

እኔን የሚቆረቁረኝ ደግሞ ያ የሚጠመቀው ሕዝብ ነው። የዐፄ ሱስንዮስን ዜና መዋዕል የገለጠ ሰው በአገው ምድር ላይ የተደረገውን ዘመቻ ያገኛል። በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም አገዎች ለዓባይ ምንጭ መሥዋዕት ያቀርቡ እንደነበር ጽፏል። እምነትና ግብር ወደዚህ ደጋ የመጡት በአንዲት ልጃገረድ ደም ግባት አይደለም፤ ጦርም አብሮ መጥቷል። ልብ ወለዱ ድል አድራጊውን ሙሽራ አድርጎ ያስገባዋል።

ደራሲው ራሱ በአድዋ ዘመን ለጣልያን ያደረ፣ በኋላ ታርቆ ሮም ላይ የኢትዮጵያ ተወካይ እስከ መሆን የደረሰ፣ አገሩ በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ስትያዝ ደግሞ «አፈ ቄሳር» ተብሎ ያገለገለ ሰው ነው። ጣልያን ከወረራው በፊት ለመንግሥታት ማኅበር ያቀረበችው ክስ፣ ኢትዮጵያ ያልሠለጠነችና ባሪያ ፈንጋይ ናት የሚል ነበር። (ባርነቱስ እውነት ነበር፤ ከመተከል ቆላ ጉሙዞችን እያፈኑ ካጋዙት መሃል የእኛ የአገው ባላባቶችም አሉበት። ይህን ሳልናገር ባልፍ አፈወርቅን የምወቅስበት አፍ አይኖረኝም።) በመጽሐፉ ሌላውን አረመኔ ያለው ሰው፣ በስተርጅናው አገሩን በሙሉ አረመኔ ለሚሉት አፍ ሆነ። የዳንግላ ሰው በዚህ አፍ አልተታለለም፤ አርበኛው መውጫ መግቢያ ያሳጣው የጣልያን ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ለቆ ሄደ። አፈወርቅ ጅማ ተግዞ እዚያው ሞተ።

መጽሐፉን ከክፍል አላስወጣሁትም። ይልቅ ድርሰት አዝዝበት ነበር፤ ታሪኩን በዚያች በንጉሡ ዘመድ አፍ ጻፉ ብዬ። ጦቢያን ወዳ የጦቢያን ወንድም እንድታገባ የተደረገችው እሷ ናትና። ወንዶቹ ሠርጉን አሰፉት። አንዲት የባንጃ ልጅ ግን ሙሽራይቱን ከድግሱ መሃል አስነሥታ፣ የንጉሡን ፈረስ አስፈትታ አስኮበለለቻት። ፈረሱ የማን እንደሆነ በደንብ ገልጻለች፤ ፊደል ግድፈቷን አርሜ ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።