ፌንጣ ነው አንበጣ?

ክረምቱ ሲወጣ ሣር ውስጥ ፌንጣ ያላባረረ የከተማ ልጅ ይኖር ይሆን? ይዘን ክብሪት ቀፎ ውስጥ እንከተውና ሲንኮሻኮሽ ጆሯችንን ደቅነን እናዳምጥ ነበር። አንበጣ ግን ለእኛ ሌላ ፍጥረት ነው፤ የዜና ነገር። ፌንጣ መጫወቻ፣ አንበጣ መቅሰፍት።

እንዲህ ለያይተን ማሰባችን ብዙ አያስወቅሰንም። ሊቃውንቱም ተሳስተው ነበርና። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በመንጋ የሚበረውን ተሰዳጅ አንበጣና ለብቻው የሚኖረውን ዘመዱን ሁለት ዝርያ ብለው ሁለት ስም አውጥተውላቸው ኖረዋል። ቦሪስ ኡቫሮቭ የሚባል ሩሲያዊ የነፍሳት ተመራማሪ ግን ስታቭሮፖል ውስጥ አንበጣ ሲከታተል አንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥ አስተዋለ። ኋላም ለንደን ሆኖ በ1921 ባሳተመው ጥናት ሁለቱ አንድ ፍጥረት መሆናቸውን አስረዳ።

እኛን የሚያስቸግረን የበረሃ አንበጣም ያው ነው። ብቻውን ሲሆን ቡናማ፣ ከመሰሎቹ የሚሸሽ፣ ማታ ማታ የሚበር ፍጥረት ነው። ዝናብ ሲጥል ይራባል። ለምለሙ ደርቆ በቀረችው ቅጠል ላይ ሲጨናነቅ ደግሞ የኋላ እግሮቹ ከሌሎቹ ጋር ይነካካሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል። በ2009 ይህን ለውጥ የሚያመጣው ሴሮቶኒን መሆኑ ታወቀ፤ በእኛም አእምሮ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መልኩም ይቀየራል። ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ቢጫና ጥቁር ይሆናል፤ ክንፍ ሲያወጣ ሮዝማ፣ ለአካለ መጠን ሲደርስ ቢጫ።

ይህን ለይቶ ማወቅ የሆድ ጉዳይ ነው። በ1958 አንበጣ በኢትዮጵያ 167 ሺህ ቶን እህል እንዳጠፋ ይገመታል፤ ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተቋቋመበት ስምምነት እዚሁ አዲስ አበባ ተፈረመ። የመከላከሉ ዘዴም ከኡቫሮቭ ግኝት የሚነሳ ነው፦ መንጋ ከመሆኑ በፊት፣ ጥቂት ሳለ ፈልጎ ማግኘት።

ካልተገኘስ? በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች ሰው የማይደርስበትን የዓረቢያ በረሃ ዝናብ አጠጡት፤ አንበጣው ማንም ሳያየው ተራባ። በጥር 2020 ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን መንጋ መስታወቱን ስለሸፈነበት አዲስ አበባ መጥቶ ለማረፍ ተገደደ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል።

የገጠሩ ሰው ኩብኩባውን ከአንበጣ፣ አንበጣውን ከፌንጣ ለይቶ ይጠራል። እኛ ከተሜዎቹ ሁሉንም "ነፍሳት" ብለን እናልፋለን። እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ስትሄዱ ሣር ላይ ያገኛችሁትን በስልካችሁ አንሱና አያታችሁን ስሙን ጠይቋቸው። ሰማይ ከጨለመ በኋላማ አንበጣን ሁሉም ያውቀዋል።