ስም የሌለው ምንጣፍ

ሜልበርን በወርቅና በበግ ጠጉር የተገነባች ከተማ ናት። ከ1850ዎቹ ጀምሮ በቪክቶሪያ ምድር የተቆፈረው ወርቅ ስሟን በዓለም ቢያስጠራም፣ የወርቁ ዘመን ካለፈ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መርከቦቿን የሞላው፣ ባንኮቿንም ያቆመው ሱፉ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፍሌሚንግተን ከተሠሩት ረጃጅም የመንግሥት መኖሪያ ፎቆች፣ ማለትም ብዙ ወገኖቻችን ከስደት እንደመጡ መጀመሪያ ካረፉባቸው ሕንፃዎች ተነሥቶ ጥቂት በእግሩ የተጓዘ ሰው፣ ኬንሲንግተን ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ግዙፍ የቀይ ጡብ ሕንፃ ያገኛል። ያንግሀዝባንድ ይባላል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተሠራ የሱፍ መጋዘን ነበር። በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር በሐሳቤ የሚመጣው መንዝ ነው። የመንዝ በግና የመንዝ ሸማኔ ከዚህች ከተማ ታሪክ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው፣ ምንስ እንደሚለያያቸው ለማስረዳት ነው ይህን መጻፌ።

ሜልበርን ሱፍ መሸጥ ብቻ ሳይሆን ሱፍ ምን ሊሆን እንደሚችል ማስተማርም ጀምራ ነበር። በብረንስዊክ ሰፈር በዶውሰን ጎዳና ይገኝ የነበረው የሜልበርን የጨርቃ ጨርቅ ተቋም ለፋብሪካዎች ባለሙያ ሲያፈራ ቆይቶ፣ በ1999 አርኤምአይቲ ከሚባለው ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሐደ። የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ ትምህርት በዚያው ሰፈር ቀጠለ። ለመሆኑ ምንጣፍ የሚነድፍ ተማሪ የሚማረው ምንድን ነው? በቅድሚያ ሐሳቡን በቀለም ይሥላል። ቀጥሎም ሥዕሉን በትንንሽ ካሬዎች በተከፋፈለ ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል፤ እያንዳንዷ ካሬ ለአንዲት የሱፍ ክር ቁራጭ ትቆማለች። በተለመደው የአክስሚንስተር ምንጣፍ ስሌት፣ በአንድ ኢንች ወርድ 7፣ በአንድ ኢንች ቁመትም 7 ቁራጭ ቢቆም፣ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ወደ 76,000 ቁራጮች ይገባሉ። ከእነዚህ መካከል ነዳፊው ሳይወስንባት የምትቀር አንዲትም የለችም። ሠዓሊ ቢጫና ሰማያዊ ቀላቅሎ አረንጓዴ ያወጣል፤ ምንጣፍ ነዳፊ ግን የተነከሩትን ክሮች ጎን ለጎን ከማቆም በቀር መቀላቀል አይችልም። ስለዚህ አንድ ቀለም በጎረቤቱ ምክንያት እንዴት እንደሚለወጥ አጥብቆ ማጥናት አለበት።

ከሜልበርን በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በጂሎንግ ከተማ፣ በ1872 በተሠራ የሱፍ መጋዘን ውስጥ በ1988 የተከፈተ ብሔራዊ የሱፍ ሙዚየም አለ። በዚያም በ1910 የተሠራ የአክስሚንስተር ምንጣፍ መሥሪያ ማሽን ይታያል። በላዩ የተንጠለጠሉት ባለ ቀዳዳ ካርዶች ከነዳፊው ወረቀት የተገለበጡ ናቸው፤ ማሽኑም ካርዶቹን እያነበበ ክሩን ይመርጣል። ዛሬ የካሬውን ወረቀት ኮምፒዩተር ተክቶታል። ብዙ ተማሪዎችም ሸራ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ሽጉጥ በመሰለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ክሩን ከጀርባ እየወጉ በእጃቸው ይሠራሉ፤ ሥራው ከጀርባ በመሆኑ ንድፉ እንደ መስተዋት ተገልብጦ መሣል አለበት። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሥርዐቱ አንድ ነው፤ ከክሩ በፊት የተጻፈ ንድፍ አለ፤ በንድፉም ጥግ ላይ የነዳፊው ስም ይሰፍራል።

ይህ ስም ነገር ትርጉሙ የገባኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማይቱ በተከፈተ አንድ የተማሪዎች ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ከቀረቡት የሱፍ ምንጣፎች አንዱን የሠራችው ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚሁ የተወለደች ልጅ ነበረች። ንድፉ ከላይ ወደ ታች የታየ የእናቷ መሶብ ነው። ክቡ መሶብ በካሬ ላይ ሲሰፍር ጠርዙ ደረጃ ደረጃ እየሆነ እንዳስቸገራት፣ ከብዙ ሙከራ በኋላም ደረጃውን መደበቅ ትታ የጌጡ አካል እንዳደረገችው አስረዳችኝ። አባትየው አጠገባችን ቆመው ነበር። በልጃቸው መኩራታቸው ከፊታቸው ይነበባል፤ ቢሆንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባሕር አቋርጠን የመጣነው ሸማኔ ለማሳደግ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሣቅ ቢጤ ነበረበት፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም።

አባትየውን አልፈረድሁባቸውም። የተናገሩት የራሳቸውን ብቻ አይደለም። በአገራችን ቀጥቃጩ ጠይብና ቡዳ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ፣ ሸማኔውም ቁጢት በጣሽ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ነገሥታቱ የለበሱትን የሸመነ እጅ ከገበታ ሲርቅ፣ ምድር አርሶ መብላትና በጦር መዋል ብቻ እንደ ክብር ይቈጠር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማወጅ የደረሱት ነውሩ አገር ያዳከመ መሆኑን ስለተረዱ ነው። ዐዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢያርቀውም ከቤት ውስጥ ግን አላስወጣውም፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ሜልበርን ውስጥ በአንድ ደግ አባት አንደበት ይሰማል።

አሁን ወደ መንዝ እንመለስ። አውስትራሊያን ያበለጸጋት የሜሪኖ በግ ጠጉሩ እጅግ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ለልብስ እንጂ ለሚረገጥ ምንጣፍ አይመችም። ምንጣፍ የሚወደው ወፈር ጠንከር ያለውን ጠጉር ነው፤ በእግር ሲረገጥ ተኝቶ አይቀርም፣ ይነሣል። የመንዝ በግ በዚህ ብርዳም ደጋ የሚሸከመው እንዲህ ያለውን ሸካራ ጠጉር ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል፤ ባናው፣ ዝተቱና በርኖሱ ከእርሱ ወጥተዋል። ደብረ ብርሃንም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና በእጅ በሚሠሩ የሱፍ ምንጣፎቿ ትታወቃለች። ብዙዎቹ ቀለም ሳይነከሩ በበጉ ተፈጥሯዊ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማና ግራጫ የሚሠሩ ናቸው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በእቴጌ መነን ስም በአዲስ አበባ በተቋቋመው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም ምንጣፍ ሥራ አንዱ ሙያ ነበር። እንግዲህ ሱፍም፣ እጅም፣ ጌጥም አልጎደለንም።

የጎደለው ስም ነው። ይህም ጉድለት ትናንት የጀመረ አይደለም። በጎንደር ዘመን፣ ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ድሩን እያዞሩ ከሐር የሸመኑ ጥበበኞች፣ ካህናትንና ሙዚቀኞችን በክር የሣሉ ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ሠርተዋል። አንደኛው ከ5 ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ ዛሬ በቶሮንቶ የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ሌላው ከ1868ቱ የመቅደላ ዘረፋ በኋላ የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ሆኗል። የዘረፉት ሹማምንት ስም ይታወቃል፤ የሸጡትና የገዙትም በመዝገብ ሰፍረዋል። የሸመኑት ሰዎች ስም ግን የለም። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተከፈተ ወዲህ ሠዓሊ ሥዕሉ ግርጌ ፊርማውን ማኖር ልማድ ሲሆን፣ ምንጣፍ ሠሪው እንደ ጎንደሩ አባቱ ያለ ስም ቀረ።

ምናልባት አንባቢ «በሌላውስ ዓለም ሸማኔ ስም ነበረው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አልነበረውም፤ በትግል የተገኘ ነው። ትግሉ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በ1919 በጀርመን በዋይማር የተከፈተው ባውሃውስ የተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ነው። መሥራቹ ዋልተር ግሮፒየስ ወንዱም ሴቱም እኩል ነው ቢልም፣ በተግባር ሴቶቹ ተማሪዎች ወደ ሽመናው ክፍል ይገፉ ነበር። እነርሱ ግን እንደ ማግለያ የተሰጣቸውን ክፍል ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ፍሬያማ ከሆኑት አንዱ አደረጉት። ሥራቸውን በካሬ ወረቀት እየነደፉ፣ የሱፍ ምንጣፍና የግድግዳ ጨርቅ ሠሩ። ከተማሪነት ተነሥታ በ1927 የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ጉንታ ሽቶልትስል በ1931 ተገፍታ ወጥታ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደች። ትምህርት ቤቱ በናዚዎች ግፊት በ1933 ሲዘጋ አኒ አልበርስ ወደ አሜሪካ ተሰደደች። ከሁሉ የሚያሳዝነው የኦቲ በርገር ታሪክ ነው። ይህች ጆሮዋ በደንብ የማይሰማ ሸማኔ ለጨርቅ ፈጠራዋ የባለቤትነት መብት አስመዝግባለች፤ ከፋብሪካዎች ጋር ስትዋዋልም ጨርቁ በስሟ ወይም በስሟ መነሻ ፊደላት እንዲሸጥ ትጠይቅ ነበር። የታመመች እናቷን ለማስታመም ወደ አገሯ ተመልሳ፣ ወደ አሜሪካ የሚያሻግራት ቪዛ ሳታገኝ፣ በ1944 በአውሽቪትስ ተገደለች። ገዳዮቿ ሰውነቷን አጠፉ፤ ዛሬ ሙዚየሞች ጨርቋን ለይተው የእርሷ ነው ለማለት የሚችሉት ግን በስሟ አጥብቃ ስለተከራከረች ነው።

ከዚሁ ትምህርት ቤት አንድ ስደተኛ እስከ እኛይቱ ቪክቶሪያ ደርሷል። ሉድቪግ ሂርሽፌልድ ማክ በባውሃውስ ተማሪ ሳለ ለባልንጀሮቹ የቀለም ሴሚናር ያካሂድ ነበር፤ ቀለማት ሲሽከረከሩ እንዴት እንደሚዋሐዱ የሚያሳይ የልጆች እሽክርክሪትም ሠርቷል። ወደ እንግሊዝ ቢሸሽ፣ እንግሊዞች በ1940 የጠላት አገር ሰው ብለው ዱኔራ በተባለችው መርከብ ወደ አውስትራሊያ አጋዙት። በሽቦ አጥር ውስጥ ቆይቶ በ1942 ሲለቀቅ፣ በዚያችው የሱፍ ከተማ በጂሎንግ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት እስከ 1957 ሥነ ጥበብ አስተማረ። እርሱ የኅትመትና የብርሃን ጥበብ ሰው እንጂ ምንጣፍ ሠሪ አልነበረም። ሆኖም ቀለም በጎረቤቱ ይለወጣል የሚለውን ያንኑ ትምህርት ይዞ መጣ። ከሻንጣው ብዙ ነገር ሊቀማ ይችል ነበር፤ በሥርዐት የተማረውን ግን ማንም አልቀማውም።

በዚህ ነገር ላይ የሚቀርብ ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ብዙዎቹ ስማቸውን ያልጻፉት ትሕትና ስላላቸው ነው፤ ጌጡም የአንድ ሰው ሳይሆን የአገር ነው ይባላል። ትሕትናውን አከብራለሁ። ትሕትና ግን ሠሪው ራሱ መርጦ የሚይዘው ነው፤ ነጋዴና ገዢ በሠሪው ስም የሚወስኑለት አይደለም። ሁለተኛም፣ ያልተጻፈ ንድፍ ከእጁ ጋር ይሞታል። አንዲት የመንዝ እናት የፈተሉትን፣ አንድ የደብረ ብርሃን ሸማኔ የሠራውን ጌጥ ልጁ ካልቀጠለው፣ በካሬ ወረቀት ስላልሰፈረ የሚመልሰው የለም። እርግጥ ነው፣ የተጻፈ ንድፍ ለሌባም ይመቻል፤ ፋብሪካ በአንድ ቀን ሊገለብጠው ይችላል። ይህም ቢሆን ስምና ዓመት የሰፈረበት ሰው መከራከሪያ አለው፤ የሌለው ግን የእኔ ነው ብሎ የሚያሳየው የለውም።

የአባትየው ሥጋት ሌላም እውነት አለው፤ ይህ ሙያ እዚህም ቢሆን እንጀራው አስተማማኝ አይደለም። በ1991 የሱፍን ዋጋ ደግፎ ይዞ የነበረው ሥርዐት ሲፈርስ፣ ወደ 170 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የአውስትራሊያ በግ በ20 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ገናና የነበረው ፌልቴክስ የምንጣፍ ኩባንያ በ2006 ወደቀ። የሜልበርን ተማሪ ዛሬ የሚነድፈው የብዙ ፋብሪካዎች በር እንደተዘጋ እያወቀ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ልጅቷ ሙያዋን መምረጧ ድፍረት ይጠይቃል እንጂ ውርደት የለበትም። መሶቡን በካሬ ስታሰፍር እናቷ በእጇ የምታውቀውን በጽሑፍ አኖረችው፤ በጥጉም ስሟን ጻፈች። በቤተሰቧ ከሰፉት፣ ከፈተሉትና ከሸመኑት ሁሉ ሥራዋን በስሟ የፈረመች የመጀመሪያዋ እርሷ ሳትሆን አትቀርም።

በባሕር ዳርም ከ1963ቱ የፖሊቴክኒክ ተቋም የጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቀጥሏል፤ ንድፍም ይሰጥበታል። የዚያ ተማሪዎች ለመንዝ ሱፍ ቅርብ ናቸው፤ ሽማግሌ ሸማኔ አጠገብ ካሬ ወረቀት ይዘው ቢቀመጡ፣ እየጠየቁ ጌጡን ቢያሰፍሩና ከራሳቸው ስም በፊት የሸማኔውን ስም ቢጽፉ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። እኛ በስደት ያለነውም ከዚህ ያነሰ፣ ግን ዛሬውኑ የምንችለው ነገር አለን። በየቤታችን ከአገር ቤት ያመጣነው ወይም ዘመድ የላከልን ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሶፋ ላይ ተዘርግቷል። አውርደን ከጀርባው ትንሽ ነጭ ጨርቅ እንስፋበት፤ የት እንደተገዛ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደመጣ፣ የሠራውን ሰው ስም የሚያውቅ ካለም ደውለን ጠይቀን እንጻፍበት። ስሙን የምንጠይቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ስልኩ መደወል ያለበት እነርሱ ሳሉ ነው።