የሰነድ ሥራና የቀን ቆጠራ፦ ጥናቱ የዘለለው ትራንዚተር

ስለ ንግድ መጓተት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ወደብ ኪራይና ስለ ጅቡቲው ባቡር የተባለውን አልደግምም። ሙግቴ ከአንድ ጥናት ጋር ነው። ሲሜዮን ጃንኮቭ፣ ካሮላይን ፍሮይንድና ኮንግ ፋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ፣ ጭነት ከፋብሪካ በር ወጥቶ መርከብ እስኪሳፈር የሚባክነው እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ንግድን ቢያንስ በ1 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድመዋል። የቀን ቁጥሩን የነገሯቸው ዕቃ አስተላላፊዎች፣ ማለትም ትራንዚተሮች ናቸው። የምስክሮቹ ሥራ ግን የትንታኔው ርዕስ አልሆነም፤ ቀኑ ተቆጠረ፣ በቀኑ ውስጥ የሚሰጠው ውሳኔ ተዘለለ።

አዲስ አበባ፣ ሲ.ኤም.ሲ ላይ ሕንፃ የሚያሠራ አስመጪን ለአብነት እንውሰድ። ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቷል። ትራንዚተሩ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉንና የባንክ ፈቃዱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያመሳክራል፤ የካርቶን ብዛት ወይም ክብደት ካልተጣጣመ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አይሞላም፣ ላኪውን ማብራሪያ ይጠይቃል። ቀጥሎ የታሪፍ ቁጥር ይመርጣል። ዋጋው፣ መድንና ማጓጓዣውን ጨምሮ፣ 1,000,000 ብር ነው እንበል፤ ኤክሳይስም የለበትም። በ10 በመቶ ቀረጥ ከተመደበ ቀረጡ፣ 15 በመቶው ቫትና 10 በመቶው ሱር ታክስ ተደምረው 391,500 ብር ይሆናሉ፤ በ20 በመቶ ከሆነ 518,000። ቫቱ በቀረጡ ላይ፣ ሱር ታክሱ ደግሞ በሁለቱም ላይ ስለሚሰላ፣ የ100,000 ብር የቀረጥ ልዩነት 126,500 ሆኖ ይወጣል። ይህን ለመወሰን የሚጠፋ ቀን በጥናቱ መዝገብ ኪሳራ ነው። ለደንበኛው ግን የከፈለበት አገልግሎት እሱ ነው።

ጥናቱ የለካው ወጪ ንግድን ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሰነድ ማመሳከር ግን በመውጫውም በመግቢያውም ያው ነው። ትራንዚተሮች ራሳቸው ያጓትታሉ የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ለዲክላራሲዮኑ ይዘት ተጠያቂ የሚያደርገው አቅራቢውን ስለሆነ፣ ያልተጣራ ሰነድ ይዞ መሮጥ አይጠቅመውም። በእርግጥ ይህ ለእያንዳንዱ ጭነት ይሠራል አልልም፤ የመዘግየት ክፍያ (ዲመሬጅ) የሚያስቆጥር ቸልተኛም አለ።

ችላ የተባለው ምንጭ ዲክላራሲዮኑ ከነአባሪዎቹ ነው። በቀይ መስመር ወድቆ ለፍተሻ የተጠራን ጭነት የሚያጠና ተመራማሪ፣ የሞጆን ቀናት ከመቁጠሩ በፊት ባንክ የገባውን ፕሮፎርማ ከመጨረሻው ኢንቮይስ ጋር ቢያስተያይ፣ ከሰነዱ ስህተቶች ብዙዎቹን ዕቃው ገና መርከብ ሳይሳፈር የተጻፉ ሆነው ያገኛቸዋል ብዬ እገምታለሁ።