የስቅለት ማታ ወሬ

ስለ ቴዎድሮስ ሲነሳ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ሽጉጧ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የምታስጨንቀኝ ከሽጉጧ ሦስት ቀን በፊት ያለችው ማታ ናት፤ የሽንፈቱን ወሬ የሰማባት።

ዕለቱ ስቅለት ነው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.። ቴዎድሮስ ፋላ ጉብታ ላይ መድፎቹን ደርድሮ ቁልቁል አሮጌን ያያል። የእንግሊዝ የጭነት በቅሎዎች ብቅ አሉ፤ ጠባቂ ያላቸው አይመስሉም። ፊታውራሪ ገብርዬ ሺዎችን አስከትሎ ወረደ። የጠበቀው ግን ሮኬትና ከኋላው የሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃ ነበር። ሲመሽ ሰባት መቶ ያህል ሰው ወድቋል፤ ገብርዬም አብሮ። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው ሃያ ሰው ግድም፣ ከነዚያም የሞተው ሁለት ብቻ!

ታዲያ ንጉሡ ምን አደረገ? በዚያው ሌሊት አስሮት ወደነበረው ወደ ራሳም ልኮ አስታርቁኝ አለ። በማግስቱ ለጄኔራል ናፒየር ያጻፈው ደብዳቤ ግን ከእርቅ ቃል ይልቅ ኑዛዜ ይመስላል። መድፉ እንዳልረባው ሳይጠቅስ አላለፈም። ዋናው ቁጭቱ ግን ሌላ ነው፦ የአገሩ ሰው ግብር ክፈል፣ ሥርዓት ግባ ቢለው ጠላው፤ ያሸነፉት ደግሞ ሥርዓት የገቡ ሰዎች ናቸው።

ይህ ትምህርት ለሱ አዲስ አልነበረም እኮ! ገና ደጃዝማች ካሣ ሳለ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የግብጽ ሥልጡን ጦርና መድፍ ድል አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ጦሩን በደመወዝ ለማደራጀት ሞከረ፣ ጋፋት ላይ መድፍ አስቀለጠ፣ መንገድ አስጠረገ። ሃያ ዓመት የሮጠለት ነገር በመጨረሻ የመጣው ከጠላት ጋር ተሰልፎ ነው። ከዚህ የከፋ ወሬ ምን አለ?

ሆኖም ደብዳቤው እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። ሰው ለምን እምቢ አለ? ለዚህ መልስ የለውም። ከውጊያው በፊት በነበረው ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ንጉሡ ብዙ እስረኞችን ገደል አስወርውሯል። ለዓመታት የገበሬው ጎተራ ተዘርፏል፣ ቤቱ ተቃጥሏል። እንዲህ የተገራ ሕዝብ ሥርዓት አይገባም፤ ቀን ይጠብቃል። ቀኑም መጣ። ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ በር ላይ አብሮት የቀረው ጥቂት ሰው ነበር።

ወገኖቼ፣ ሽጉጧን ማድነቅ ቀላል ነው። ደብዳቤው ያላለውን ግማሽ መጨረስ ግን ለኛ የተተወ የቤት ሥራ ይመስለኛል።